ልጅን ለኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስለ መስጠት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል አንድ ንግግር ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ከእኛ የቀደሙት ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ትጋትና ስለ አገር ፍቅር ተናግረዋል። እኛም እንደ እነሱ ያለ ርእስ መርጠን ሁለት ገጽ ያህል ከጻፍን በኋላ ወረቀቱን ትተነዋል። ያስተወንም ባለፈው ጥቅምት ወር ከአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ከተማ፣ ለአንዱ ጓደኛችን እናት የመጣ መልእክት ነው። የመጣው በስልክ ነው፤ ነገር ግን ርዝመቱም አጻጻፉም የደብዳቤ ስለ ነበረ እኛ ደብዳቤ እንለዋለን።

ጸሐፊው የጓደኛችን አጎት ናቸው። ሌሊት ሌሊት በሆስፒታል የሚሠሩ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ሰው ናቸው። ታላቂቱ ልጃቸው 13 ዓመቷ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። «እኅት ዓለም» ብለው ይጀምሩና፣ «ይህች ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የወጥ ቤቱን ወንበር ጀርባ ይዛ እግሯን ስታነሣና ስታሳርፍ ታመሻለች። አሁን ደግሞ ዳንስ የሚያስተምር የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላለ ልፈተን አለችኝ። እናቷ ነርስ እንድትሆንላት ነው የምትፈልገው። እኔ ልከልክላት ወይስ ልፍቀድላት? የሚያማክረኝ ሰው አጣሁ» ይላሉ። ከዚህም ሌላ አንድ ጭንቀት ነበረባቸው። ከከተማው ወጥተው በሜሪላንድ ቤት ለመግዛት ስድስት ዓመት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ቆይተዋል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚያስተምረው የከተማውን ነዋሪ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጂቱ ከገባች የቤቱ ነገር አራት ዓመት ይቆያል ማለት ነው።

ጓደኛችን ይህን ደብዳቤ ወደ ክርክር ማኅበራችን ይዞት በመጣ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስቀድመን የሠራነው ሥራ መሳቅ ነበር። ከመካከላችን አንዱ የክፍሉን ወንበር ይዞ እግሩን ሲያነሣ ከነወንበሩ ሊወድቅ ሆነ። ጓደኛችን ግን አልሳቀም። «አጎቴ ስድስት ዓመት ሌሊት ሠርተው ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደ ክርክር ርእስ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ይዘን፣ ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ያገኘነውን ሁሉ እያነበብን ሁለት ወር ቆየን። ከእናንተም ከወላጆቻችን መካከል በውጭ አገር ወንድም ወይም እኅት የሌለው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ይህን የመሰለ ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተም ይመጣ ይሆናል።

አስቀድመን የትምህርት ቤቱን ነገር እንናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚሁ ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ስሙ ይበልጥ የታወቀው በኒው ዮርክ ያለው ነው። በ1936 የከተማው ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ የሙዚቃና የሥዕል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1948 ደግሞ ለዳንስ፣ ለቴአትርና ለሙዚቃ ሌላ ተከፈተ። ሁለቱ በ1961 በአስተዳደር አንድ ሆኑ፤ በ1984ም ሊንከን ሴንተር ከሚባለው የሙዚቃና የቴአትር ስፍራ አጠገብ በተሠራ ሕንጻ ተጠቃልለው ገቡ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በከንቲባው ስም ይጠራል። የዋሽንግተኑ በዕድሜ ከዚህ ያንሳል። በ1974 ፔጊ ኩፐር ካፍሪትዝ የተባሉ ሴትና ማይክ ማሎን የተባሉ የዳንስ ባለሙያ አቋቋሙት፤ የሚገኘውም በጆርጅታውን በአንድ አሮጌ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንጻ ውስጥ ነው። ስሙ በዚያው ከተማ በ1899 ተወልዶ በ1974 ባረፈው በታላቁ ሙዚቀኛ በዱክ ኤሊንግተን ተሰየመ።

ኤሊንግተን ለአገራችን እንግዳ ሰው አይደለም። ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት፣ በ1973፣ ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እጅ ኒሻን ተሸልሟል። የጓደኛችን እናት ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ ጃንሆይ የሸለሙት ሰው ስም ያለበትን ትምህርት ቤት ምን ብዬ እነቅፋለሁ» ብለው ሳቁ። ነገር ግን ልጅ በስም ብቻ አይላክምና ወደ ውስጡ እንግባ።

ወላጆች «የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት» የሚለውን ሲሰሙ፣ ሒሳብና ሳይንስ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ የሚዘፈንበትና የሚጨፈርበት ቤት ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ መሆኑ ተማሪው ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ ታሪኩን፣ እንግሊዝኛውንና የውጭ ቋንቋውን እንደ ማንኛውም ተማሪ ተምሮ ይፈተናል፤ ሲጨርስም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰውን ዲፕሎማ ያገኛል። ኪነ ጥበቡ በዚያ ላይ የተጨመረ ነው እንጂ በእሱ ፋንታ የተተካ አይደለም። ስለዚህ ለልጇ ነርስነትን የምትመኝ እናት፣ ልጇ በዚያም ቤት የሕይወት ሳይንስና ኬሚስትሪ እንደምትማር ማወቅ ይገባታል። ከዚያ የወጡትም ሁሉ በመድረክ የሚተዳደሩ አይደሉም፤ በሌላ ሙያ የተሰማሩ ብዙዎች ናቸው።

ታዲያ የሚከፈለው ዋጋ ምንድን ነው ቢባል፣ ሰዓት ነው። በዋሽንግተኑ ትምህርት ቤት የትምህርቱ ቀን ከሌሎቹ ይረዝማል፤ መደበኛው ትምህርትና የኪነ ጥበቡ ትምህርት በአንድ ቀን ውስጥ መግባት ስላለባቸው ልጆቹ ወደ ቤት የሚሄዱት ሌሎች ልጆች ከሄዱ ብዙ ቆይቶ ነው። ከዚያ በኋላ የሒሳብ የቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል። ትርኢት ሲቃረብ ደግሞ ልምምዱ ወደ ማታ ይዘልቃል። የ14 ዓመት ልጅ በአውቶቡስ ተሳፍራ በጨለማ ስትመለስ አስቡ፤ በዚያ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በ11 ሰዓት ገደማ ነው። አባቷ ያን ጊዜ ወደ ሌሊት ሥራቸው ለመሄድ ጫማቸውን ያስራሉ፤ እናቷ ከሥራ ገና አልተመለሱም። ማን ተቀብሎ ያበላታል? ይህ ጥያቄ ከኪነ ጥበብ የራቀ ይመስላል። እኛ ግን ከሁሉ በፊት ወደ አጎታችን የላክነው ይህንን ጥያቄ ነው። (የጓደኛችንን አጎት «አጎታችን» ማለት ከጀመርን ቆይተናል፤ እሳቸውም አልተቃወሙም።)

የሰዓቱ ነገር በትምህርት ቤቶቹ ውስጥም ያለቀ ክርክር አይደለም። በ2019 የኒው ዮርኩ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ተቃውሞ አሰሙ፤ ቅሬታቸውም ለመደበኛው ትምህርትና ለማርክ ከመጠን በላይ ተመዝኖ ኪነ ጥበቡ ተበድሏል የሚል ነበር። ይህን ስናነብ ተገረምን። እኛ ፈተና በዛብን ብለን እናማርራለን እንጂ ልምምድ አነሰን ብለን መሬት ላይ አልተቀመጥንም። ለወላጅ ግን ነገሩ ጠቃሚ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ ሲሄድ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ፣ ልጁ በሒሳብ ቢደክም ከልምምድ ይቀነስለት እንደ ሆነ፣ ከመምህራኑም ከተማሪዎቹም መጠየቅ አለበት። ከሁለቱ የሚሰማው መልስ አንድ ላይሆን ይችላል።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ይዛችሁ በአፋችሁ ወደማትናገሩት ነገር እንምጣ። ይኸውም የክብር ነገር ነው። በአገራችን «አዝማሪ» የሚለው ቃል የሙያ ስም ብቻ ሳይሆን ስድብም ሆኖ ኖሯል። ሠርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም፤ ነገር ግን ልጁን ለዚያ ሥራ እሰጣለሁ የሚል ባለ ሠርግ አልነበረም። የሴት ልጅ ነገር ደግሞ ይብሳል። አጎታችን በደብዳቤአቸው ይህን በግልጽ አላነሡትም፤ ሆኖም በመጨረሻው ላይ «ሰውስ ምን ይላል» የሚል አንድ መሥመር ብቻውን ቆሞ ነበር።

እኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምረን በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ብንሆንም የአገራችንን የቤተ ክህነት ትምህርት ከአያቶቻችን ሰምተናል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ስም ጋር የተያያዘው የዜማ ትምህርት እንዴት እንደሚገኝ ሽማግሌዎቹን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ተማሪው ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ ለምኖ፣ ድጓውን ለዓመታት ይማራል፤ ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይጓዛል። አቋቋም የሚማረውም መቋሚያውና ጸናጽሉ፣ እግሩና ትከሻው ከከበሮው ጋር እስኪስማሙ ድረስ ሲወዛወዝ ያድራል። ይህን ሁሉ ፈጽሞ ለመጣ ሰው መሪጌታ ብለን ከመቀመጫችን እንነሣለታለን፤ ሥራ ፈት የሚለው የለም። በቤተ መቅደስ የሚደረገውና በመድረክ የሚደረገው አንድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ማንንም ማስቀየም አንሻም። ድምፅንና አካልን ለዓመታት ማሠልጠን ትምህርት መሆኑን ግን ይህች አገር ኒው ዮርክ ሳትቆረቆር ታውቅ ነበር።

ዝንባሌን በመከልከል ማጥፋት እንደማይቻልም የሚታወቁ ምስክሮች አሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 ተወልደው ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ በዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ከዓመታት በኋላ በለንደን ሙዚቃ እንዲማሩ ዕድል አግኝተው ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ። በዚህ አዝነው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፤ ወደ ፒያኖው ግን ተመለሱ፤ በ2023 ባረፉ ጊዜ ስማቸው በዓለም ሁሉ የሚጠራው በዚያው ፒያኖ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ኢንጂነር እንዲሆኑ ወደ ዌልስ ተልከው ሙዚቀኛ ሆነው ነው የተመለሱት፤ በለንደንና በቦስተን ሙዚቃ ተማሩ። ኤሊንግተን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜም ከእሱ ጋር ለመሥራት በቅተዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ራሳችንን መቆጣጠር ይገባናል። የታላላቅ ሰዎችን ስም መደርደር ቀላል ነው፤ በክርክር ማኅበራችንም የሚያስጨበጭበው ይህ ነው፤ ለወላጅ ግን የሚረዳው ጥቂት ነው። አርተር ሚቸል ከኒው ዮርኩ ትምህርት ቤት በ1952 በዳንስ ተመርቆ በ1955 ወደ ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌ ገባ፤ በ1969ም በሃርለም የራሱን የዳንስ ቡድንና ትምህርት ቤት አቋቋመ። ይህን የሰማ ወላጅ ትምህርት ቤቱ ሰው ያወጣል ይላል። አል ፓቺኖ ግን በዚያው ቤት ጀምሮ ሳይጨርስ ወጣ፤ እሱም ታላቅ ተዋናይ ሆነ። ይህን የሰማ ደግሞ ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም ይላል። ዱክ ኤሊንግተን ራሱ የተማረው በዋሽንግተን በእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ነበር፤ በሥዕል የተሰጠውን የትምህርት ዕድል ትቶ፣ ትምህርቱንም ሳይጨርስ፣ ወደ ፒያኖው ሄደ። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የመሰለ ትምህርት ቤት በዘመኑ አልነበረውም። ስለዚህ ከታላላቆቹ ታሪክ ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ የሚሆን ፍርድ አይገኝም፤ ወደ ልጂቱ ወደራሷ መመለስ ግድ ነው።

በአገራችን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስለ ሆነ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ የሚገባበት ነው። ጥያቄው እኛን የሚያገኘን እንግዲህ በ18 ዓመታችን ነው፤ እነሱን የሚያገኛቸው ግን በ13 ዓመታቸው፣ ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ነው። እኛ በ13 ዓመታችን ምን ለመሆን እንመኝ እንደ ነበር በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተራ በተራ ተናገርን። አብራሪ፣ ዶክተር፣ ግብ ጠባቂ፣ እንደገና አብራሪ። ያን ጊዜ የተመኘውን ዛሬም የሚመኝ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም ወፎችን ሲመዘግብ የኖረ ልጅ ነው። ደብተሮቹን አምጥቶ አሳየን፤ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የተጻፉ 11 ደብተሮች ናቸው። መምህር አላዘዘውም፤ ማርክ አላገኘበትም። የፈለግነውን ነገር ያገኘነው በእነዚያ ደብተሮች ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ እነዚያ ትምህርት ቤቶች ለመግባት ፈተና አለ። ለቴአትር የሚፈተነው በጠባይ የሚለያዩ ሁለት አጫጭር ቃለ ተውኔቶችን በቃሉ አጥንቶ ያቀርባል። ለድምፅ የሚፈተነው ይዘፍናል፤ የሰማውን ዜማና ምት መልሶ እንዲያሰማም ይጠየቃል። ለዳንስ የሚፈተነው ብቻውን አጭር ዳንስ ያሳያል። በኒው ዮርክ ለአንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ያመለክታሉ፤ ስለዚህ ብዙ ጎበዝ ልጅ በደጅ ይቀራል። ፈታኞቹ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ልጅ ጆሮና ምት ያለው መሆኑን በጥቂት ደቂቃ ይለያሉ። ያ ልጅ ግን ማክሰኞ ማታ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ማንም ሳያየው ምን እንደሚያደርግ ፈታኞቹ ሊያውቁ አይችሉም። ያን የሚያውቀው አብሮት የሚያድረው ብቻ ነው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን የመዝሙር ቡድን ነበረን፤ አራት ድምፅ ነበረው። በመካከላችን እጅግ ያማረ ድምፅ ያለው ልጅ ነበር፤ በበዓል ቀን ብቻውን ሲዘምር እናቶች ያለቅሱ ነበር። በልምምድ ቀን ግን ሆዱን ያመዋል፣ እናቱ ትልከዋለች፣ መንገድ ይዘጋበታል። ከእሱ አጠገብ የሚቆመው ሌላው ልጅ ድምፁ ሻካራ ነበር፤ የሃርሞኒየሙን ክፍል ቁልፍ ከዘበኛው እየለመነ ብቻውን ይገባና የራሱን መሥመር ደጋግሞ ይል ነበር። በዚያ ዘመን ማናቸውንም ወላጅ «ከሁለቱ የትኛው ለኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይሆናል?» ብለን ብንጠይቅ የመጀመሪያውን ያመለክት ነበር። እኛም እንዲሁ። ዛሬ ያ ባለ መልካም ድምፅ አብሮን እዚህ ተቀምጧል፤ ይህን እንድንናገር ራሱ ፈቅዷል፤ «የምወደው ጭብጨባውን ነበር» ብሎ ጽፎ ሰጥቶናል። በዚህ ነውር የለበትም። ነገር ግን በዓመት ውስጥ የጭብጨባው ቀን ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ የቀረው ሁሉ ልምምድ ነው።

ስለዚህ ለአጎታችን የጻፍንላቸው ምክር ይህ ነበር። ለሁለት ሳምንት ልጂቱን «ተለማመጂ» አይበሏት፤ «ተዪው» ም አይበሏት። አያመስግኑ፤ አይቆጡ። ዝም ብለው ያለ ማንም ትእዛዝ ወንበሩን የያዘችበትን ቀን ብቻ ይቁጠሩ። አጎታችን በመጀመሪያ ይህ የልጅ ምክር መሰላቸው፤ «እኔ ሐኪም ዘንድ የምሠራ ሰው ነኝ፤ መቁጠር ለእናንተ አልተውም» ብለው መለሱ። ቀልድ ይሁን ቁጣ አልገባንም። ሆኖም ለመቁጠር እሺ አሉ።

ስለ ዳንስ የተለየ ነገር መጨመር አለብን። ከሌሎቹ ጥበቦች ይልቅ አካልን የሚጠይቅ እሱ ነው። ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይጎዳል፤ የባሌ ጫማ ቶሎ ያልቃል፤ ትምህርቱ በነጻ ቢሆንም ጫማው በነጻ አይደለም። ልጂቱ ቀኑን ሙሉ በመስተዋት ፊት ስለምትቆም ስለ መልኳና ስለ ውፍረቷ ማሰብ ትጀምራለች። በሰፈሯ አንደኛ የነበረች ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ ሃያኛ መሆኗን በመጀመሪያው ሳምንት ታውቃለች፤ ይህን የሚችል ልጅ አለ፣ የሚሰበርም አለ። ከክፍላችን ሴት ልጆች መካከል አንዷ፣ ወላጅ የዳንስ መምህሯን «አንድ ልጅ ሲጎዳ ምን ታደርጋላችሁ? ስለ ልጆች ክብደት እንዴት ትናገራላችሁ?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ አለበት አለች። ይህ ጥያቄ ለእኛ ለወንዶቹ ፈጽሞ አልታሰበንም ነበር።

ስለ ቤቱም ነገር ተከራክረናል። አንድ ጎረቤት አጎታችንን «ሜሪላንድ ግባና በከተማው ባለ ዘመድ አድራሻ አስመዝግባት፤ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ብሎ መክሯቸዋል። እኛ ይህን አልተቀበልነውም። በ2018 በዚያ ትምህርት ቤት በከተማው ሳይኖሩ እንደ ነዋሪ በነጻ ይማራሉ የተባሉ ተማሪዎች ጉዳይ በከተማው ባለሥልጣኖች ተመርምሮ ብዙ ቤተሰቦች ማስረጃ አቅርቡ ተብለው ነበር። በከተማው የማይኖር ክፍያ አለበት፤ ክፍያውም ቀላል አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልጂቱ አራት ዓመት ሙሉ «የት ነው የምትኖሪው?» በተባለች ቁጥር ልትዋሽ ነው። ከእኛ ሁለቱ፣ ድኻ ቤተሰብ በሕግ ስም ዕድል ማጣት የለበትም ብለው እስከ መጨረሻው ተከራከሩ፤ አሳባቸውን አልለወጡም፤ እኛም የእኛን አልለወጥንም።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ቅድም የጠቀስናት የክፍላችን ልጅ ተነሥታ «ሁለት ወር ሙሉ አባትየውን ስንጠይቅ ቆየን፤ ልጂቱን የጠየቃት ማን ነው?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። በማግሥቱ በአባቷ ፈቃድ በድምፅ ጠየቅናት። መልሷ በእንግሊዝኛ የተቀላቀለ አማርኛ ነበር። ወደፊት በዳንስ እንደምትተዳደር አላውቅም አለች። ነርስ መሆንንም አልጠላም አለች። «ግን ቤት ውስጥ እግሬን ሳነሣ ሁሉም ለምን ይለኛል፤ ለምን የማይባልበት ክፍል ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ» አለች። እናቷ ይህን ከእኛ ጋር ነው የሰሙት።

ይህን ንግግር ጽፈን ልንጨርስ ስንል፣ ባለፈው ሳምንት፣ የአጎታችን ቆጠራ ደረሰን። በሆስፒታል ወረቀት ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ፣ በስልክ ፎቶግራፍ የተነሣ ነው። ከ14ቱ ቀን በ11ዱ ልጂቱ ያለ ማንም ትእዛዝ ወንበሩን ይዛለች፤ በሦስቱ ቀን አልያዘችም። ከሦስቱ አንዱ የሒሳብ ፈተና ዋዜማ ነበር። በሁለተኛው ቀን ታናሽ ወንድሟ አተኩሶት ስታስታምመው አምሽታለች፤ አጎታችን ከዚህ ጎን «እናቷ ይህንን አይታለች» ብለው ጽፈዋል። በሦስተኛው ቀን አንጻር ያለው ስፍራ ባዶ ነው። የማመልከቻው ቀን ቀርቧል፤ ስለ ቤቱ ምን እንደ ወሰኑ አልጻፉም። ከወረቀቱ ግርጌ ግን በሌላ ሰው እጅ፣ በሴት ጽሕፈት፣ የትምህርት ቤቱ የጉብኝት ቀንና ሰዓት ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።